ተውኔት ማጥናት ለሚጀምሩ፦ ከገጹ እስከ መድረኩ

ተውኔትን እንደ ልብ ወለድ የሚያነብ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሃያ ገጽ ሳይሞላ ይሰለቻል። ልብ ወለድ ያስለመደውን ነገር እየፈለገ ስለሚያጣ ነው። ልብ ወለድ ውስጥ ተራኪ አለ፤ ሰውየው በልቡ ምን እንዳሰበ፣ ለምን እንደተቆጣ፣ ክፍሉ ምን እንደሚመስል ይነግረናል። ተውኔት ላይ ይህ ተራኪ የለም። ያሉት የተናጋሪዎች ስም፣ ቃለ ተውኔቱና በቅንፍ የገቡ ጥቂት የመድረክ መመሪያዎች ናቸው። የቀረውን ተዋናይ፣ አዘጋጅ፣ መብራት፣ ልብስና ተመልካች እንዲሞሉት ጸሐፌ ተውኔቱ ሆን ብሎ ትቶታል። እያነበባችሁ ይህን ክፍተት መሙላት ካልለመዳችሁ ተውኔቱን ገና አላነበባችሁትም።

ከዚህ በታች ያለው በክፍል ውስጥም በልምምድ አዳራሽም የሚሠራ አካሄድ ነው። ሁሉም በአንድ ነገር ይያያዛል፦ ከገጹ ያገኛችሁትን ትርጉም በመድረክ ፈትኑት፤ በመድረክ ያያችሁትን ወደ ገጹ መልሳችሁ መርምሩት። ተዋናይ ሊጫወተው የማይችለው ትርጓሜ ያጠራጥራል። ጽሑፉ የማይደግፈው አጨዋወትም ምንም ያህል ቢጨበጨብለት ያጠራጥራል።

የመጀመሪያው ንባብ በአንድ መቀመጫ ይለቅ። ተመልካች አንድን ቴአትር ለሦስት ቀን ከፋፍሎ አያይም፤ ጸሐፊውም ውጥረቱን የገነባው አንድ ምሽት ላይ ለሚያልቅ ነገር ነው። በዚህ ንባብ ምንም አትጻፉ። ሁለተኛው ንባብ ድምፅ እያወጣችሁ፣ ቢቻል ከሌሎች ጋር ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፍላችሁ ይሁን። አንድ ትዕይንት ምን ያህል እንደወሰደ በስልካችሁ ለኩ፤ ጽሑፉ ላይ አጭር የመሰለው ትዕይንት በድምፅ ሲነበብ ሊረዝም፣ ረጅም የመሰለው ሊያጥር ይችላል። ሦስተኛው ንባብ ላይ እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የምትጽፉትን ብዙውን ነገር ትሰርዙታላችሁ።

በሦስተኛው ንባብ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ «ጽሑፉ የተናገረው»፣ «ከጽሑፉ የሚገመት»፣ «የማይታወቅ»። ቀላል ይመስላል፤ በፈተና ወረቀቶች ላይ የሚታየው ስሕተት አብዛኛው ግን የሚመጣው እነዚህን ሦስቱን ከማደባለቅ ነው። ለማሳያ የሚሆን፣ ለዚሁ ጽሑፍ ተብሎ የተጻፈ አጭር ትዕይንት እነሆ።

(የወይዘሮ አስካለ ሳሎን። ከሰዓት በኋላ። ጀበናው ከሰል ላይ ነው። ደረጀ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። በሩ ይንኳኳል። ማንም አይነቃነቅም።)

አስካለ፦ በሩ ተንኳኳ።
ደረጀ፦ ሰማሁ።
አስካለ፦ ታዲያ ክፈት እንጂ።
ደረጀ፦ ቡናው ይገነፍላል፣ እማዬ።
አስካለ፦ ቡናውን እኔ አየዋለሁ።
(ደረጀ ይከፍታል። በላይ ሜትር በእጁ ይዞ ይገባል።)
በላይ፦ እንደምን ዋሉ፣ እማማ። ሁለተኛው ላይ ደረስኩ?
አስካለ፦ ገና አቦሉ ነው። ተቀመጥ ልጄ። (ሲኒ ታቀርብለታለች።)
በላይ፦ ቆሜ ይሻለኛል። (ግድግዳውን ያያል።) ይሄ ጭቃ ነው ብሎኬት?
ደረጀ፦ በላይ...
አስካለ፦ ጭቃ ነው። አባቱ ያቦካው። (ዝምታ።) ሜትሩ ለምንድን ነው?
በላይ፦ (ደረጀን ያየዋል።) አልነገርካቸውም?
ደረጀ፦ ስኳር ስንት ላድርግልህ?
አስካለ፦ (ሲኒውን ታነሳለች።) እንግዳው ቆሜ ይሻለኛል ብለዋል። ሸኛቸው።

አሁን ዓምዶቹን ሙሉ። ጽሑፉ የተናገረው፦ ቤቱ ጭቃ ነው፤ አባትየው አቡክቶታል፤ በላይ ሜትር ይዟል፤ ደረጀ ለእናቱ ያልነገራት ነገር አለ። የሚገመት፦ ቤቱ ሊሸጥ ወይም ሊፈርስ ነው፤ ደረጀ በላይን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ምክንያቱም ሳይተዋወቁ በስሙ ጠርቶታል። የማይታወቅ፦ አባትየው ሞቷል ወይስ ሄዷል? ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «የሟቹ አባት ቤት» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ግን ሞቷል አላለም። ገንዘቡ ለምን እንዳስፈለገ፣ ውል ተፈርሞ ከሆነና ካልሆነም አናውቅም። ወደ ሦስተኛው ዓምድ የገባ ነገር ሁሉ ለተዋናዩ የቤት ሥራ ነው፤ መልሱን እሱ ይመርጣል። ለተንታኙ ግን ድንበር ነው፤ ከዚያ አልፎ እንደ ማስረጃ ሊጠቅሰው አይችልም።

ከዚህ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ንግግር ጎን አንድ ግስ ጻፉ። «ምን አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ እሱ ገጹ ላይ አለ። «ይህን ሲናገር ሌላውን ሰው ምን እያደረገው ነው?» በሉ። «በሩ ተንኳኳ» መረጃ አይደለም፤ ሁለቱም ሰምተውታል። አስካለ ልጇን እያዘዘችው፣ ምናልባትም እየፈተነችው ነው። «ቡናው ይገነፍላል» ደግሞ ሽሽት ነው። «ስኳር ስንት ላድርግልህ?» ልመና ነው፤ ደረጀ በላይን ዝም እንዲልለት እየለመነው ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉ ግሶች ሌላ ሰው ላይ የሚያርፉ ናቸው፦ ያባብላል፣ ይወጋል፣ ያዘናጋል፣ ይደብቃል፣ ያስፈራራል፣ ይለምናል። «ያዝናል»፣ «ይናደዳል» አያገለግሉም፤ ስሜት ናቸው። «ተናደድ» የተባለ ተዋናይ ይጮኻል፤ «አባረው» የተባለው ግን መንገድ ይፈልጋል።

ግሶቹን ስትጽፉ ትዕይንቱ በራሱ ይከፋፈላል። ከማንኳኳቱ እስከ በሩ መከፈት አንድ ክፍል ነው፤ ትግሉ በእናትና በልጅ መካከል ነው። ከበላይ መግባት እስከ ዝምታው ሁለተኛ፤ ትግሉ በእንግድነት ወግና በበላይ ጥድፊያ መካከል ነው። ከ«ሜትሩ ለምንድን ነው?» በኋላ ሦስተኛው። በክፍሎቹ መካከል መስመር አስምሩ፤ ለእያንዳንዱ ከአምስት ቃል ያልበለጠ ርእስ ስጡት። የትዕይንቱ ጡዘት «አልነገርካቸውም?» የምትለው አንድ ቃል ናት፤ ከእሷ በፊት ያለው ሁሉ ወደ እሷ የሚሄድ፣ ከእሷ በኋላ ያለው ከእሷ የሚመጣ ነው። ሴራ፣ ግጭት፣ ልብ ሰቀላ፣ ጡዘት፣ መቼት የሚባሉትን ቃላት ትርጉማቸውን ሸምድዶ ከመያዝ በእንዲህ ዓይነት ግማሽ ገጽ ላይ በጣት መጠቆም መቻል ይበልጣል።

የአማርኛ ተውኔት አንባቢ ልዩ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባ ነገር የአክብሮት አጠራር ነው። አስካለ በላይን ስትቀበለው «ተቀመጥ ልጄ» አለችው። መጨረሻ ላይ «እንግዳው... ብለዋል፣ ሸኛቸው» ትላለች። አልሰደበችውም፣ ድምፅዋንም ከፍ ማድረግ አያስፈልጋትም፤ ከልጅነት አውጥታ ወደ ማያውቁት ሰው ወሰደችው። እሱን ትታ ልጇን ማናገሯም ከቤቱ አስቀድማ እንደማስወጣት ነው። በአማርኛ ተውኔት «አንተ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» የሚቀያየሩባቸውን ቦታዎች ሁሉ ክበቡ። አንድ ገጸ ባሕርይ መሃል ላይ አጠራር ከለወጠ ዝምድናው ተለውጧል፤ ካልተለወጠ ደግሞ ጸሐፊው ተሳስቷል ወይም አታሚው። አዘጋጅም ይህን ሳያይ ካለፈ ተዋናይዋ ያንን ዓረፍተ ነገር በጩኸት ትሞላዋለች፤ ጩኸቱም ጽሑፉ የሠራውን ሥራ ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ጥብቀትና ላልነት ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልደረሰ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል። «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል ማለት ነው። «ይመታል» መቺም ተመቺም ሊሆን ይችላል። በዝምታ የሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ስለሚያቀናው ችግሩን አያስተውለውም፤ በአዲስ ጽሑፍ ላይ ድምፅ እያወጣ የሚያነብ ተዋናይ ግን ይደናቀፋል። አንዳንዴም ጸሐፊው ሁለቱንም ንባብ ፈልጎት ይሆናል፤ ሰምና ወርቅ ባለበት ባህል ይህ ብርቅ አይደለም። በጠረጴዛ ንባብ ጊዜ የሚያሻማ ቃል ባጋጠመ ቁጥር በሚጠብቀው ፊደል ላይ ትንሽ ነጥብ አኑሩ። ሁለቱም ንባብ የሚሠራ ከሆነ ተዋናዩ ሰሙን በግልጽ ይናገር፤ ወርቁን በድምፅ ሊያስረዳ ከሞከረ ተመልካቹ የራሱን ሥራ ይቀማል።

ሦስተኛው፣ በኔ ግምት በየትምህርት ቤቱ መድረክ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው፣ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። አዎንታውም አሉታውም፣ ማን ማንን እንደሆነም፣ ጥያቄነቱም ብዙ ጊዜ እዚያው መጨረሻው ላይ ይታወቃል። ጀማሪ ተዋናይ ደግሞ ትንፋሹ የሚያልቀው እዚያው ነው፤ ድምፁ ይወርዳል፣ ፊቱን ወደ ባልደረባው ያዞራል፣ «አልነገርካቸውም» «አልነገር...» ሆኖ ይቀራል። ከአዳራሹ አጋማሽ ወዲያ የተቀመጠው ሰው የዓረፍተ ነገሩን ቁም ነገር አላገኘም ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ግሱ ከመድረሱ በፊት መተንፈሻ ቦታ ምረጡና በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ በልምምድ ላይ አንድ ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥና ግሱን ባልሰማ ቁጥር እጁን ያንሳ። ሁለት ተዋንያን ፊት ለፊት ተያይተው ጎናቸውን ብቻ ለተመልካች ሲሰጡም ድምፅ ይጠፋል፤ እግራቸውን በግማሽ ወደ አዳራሹ ያዙሩ፣ ዓይናቸው ግን ከባልደረባቸው ጋር ይቆይ።

በግጥም የተጻፈ ተውኔት የራሱ ጣጣ አለው። የወል ቤት የሚባለው ልክ በአንድ መስመር አሥራ ሁለት ቀለም (በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የድምፅ ክፍል) ይዞ ከመካከሉ ስድስት ስድስት ሆኖ ይከፈላል፦

በሩን የከፈተ፣ እንግዳ አይመርጥም፤
ሲኒ ያቀረበ፣ ልቡን ግን አይሰጥም።

ጀማሪ እንዲህ ያለውን ሲያነብ እያንዳንዱ ቤት መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ ከአራት መስመር በኋላ አድማጩ ዜማውን እንጂ ትርጉሙን አይሰማም። ግጥሙን በመጀመሪያ እንደ ተራ ንግግር ጻፉትና ለአንድ ሰው ነገሩን ንገሩት፦ «በሩን ከከፈትክ እንግዳ አትመርጥም፤ ሲኒ ስላቀረብክ ግን ልብህን ሰጠህ ማለት አይደለም።» ክርክሩ ሲገባችሁ «ግን» የምትለዋ ቃል የመስመሮቹ ማጠፊያ እንደሆነች ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ልኩ ተመለሱ። ልኩን አትጣሉት፤ ያለ ልክ የተነበበ ግጥም ሌላ ጉድለት ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚታወቁበት፣ በስማቸውም «የጸጋዬ ቤት» የተባለው ልክ በአንድ ሐረግ ስምንት ቀለም ነው። ሙሉው መስመር አሥራ ስድስት ይደርሳል፤ ለሳንባ ከባድ ነው። የእሳቸውን መነባንብ (አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚናገረውን ረጅም ንግግር) የሚያጠና ሰው ቃሉን ከመያዙ በፊት የትንፋሹን ቦታ ይወስን፤ በዘፈቀደ የተሳበ ትንፋሽ ሐረጉን ከመሃሉ ይሰብረዋል።

ገጽና መድረክ ተለያይተው እንደማያውቁ ታሪካችንም ያሳያል። በዘመናዊ መልኩ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው፣ በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ» ነው። ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው፤ የእንስሳት ተረት በወረቀት ላይ ማንንም ላያስቆጣ ይችላል። መድረክ ላይ ወጥቶ መኳንንቱ ፊት ሲታይ ግን እያንዳንዱ እንስሳ ማንን እንደሚመስል ተመልካቹ ራሱ ሞላው፤ ሥራውም ታገደ። ኋላም ጸሐፍያነ ተውኔት ለሳንሱር የሚቀርብ ጽሑፍና ለተመልካች የሚደርስ ትርኢት አንድ እንዳልሆኑ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በዘውዱም በደርጉም ዘመን የተጻፈ ተውኔት ስታነቡ «ይህ ቃል ወረቀት ላይ ምን ይመስላል፣ ተዋናዩ ወደ ማን እያየ ቢናገረው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሀገር ፍቅር ማኅበር (ኋላ የሀገር ፍቅር ቴአትር የሆነው) በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ሥራው ሕዝብን ለአገሩ መቀስቀስ ነበር፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ ተከፈተ። ጸሐፊው የጻፈለትን አዳራሽ፣ ተመልካቹንና ከፋዩን ማወቅ ግማሽ ትርጓሜ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። አንድ ክፍል ተማሪ ተውኔትን እንደ ትርኢት ሊያጠና ከፈለገ ሙሉ ቴአትር ማዘጋጀት አይጠበቅበትም፤ አሥር ደቂቃ የሚወስድ ትዕይንት ይበቃል። ከሁለት እስከ አራት ገጸ ባሕርይ ያለው፣ አንድ ቦታ ላይ የሚካሄድ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አንድ ነገር የተለወጠበት ይሁን። ሕዝብ የሚሰበሰብበትን፣ ጦርነት ያለበትን ትዕይንት ለጀማሪ አልመክርም፤ ጊዜው ሁሉ በመውጣትና በመግባት ያልቃል።

ጽሑፉን በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ኮፒ አድርጋችሁ በግራና በቀኝ ሲገለጥ አንደኛው ገጽ ባዶ እንዲሆን ጥረዙት። ባዶው ገጽ ላይ እንቅስቃሴ ይጻፋል። የመድረክ ቀኝና ግራ የሚለካው ወደ ተመልካች ከቆመው ተዋናይ ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ካልተስማማችሁበት ማስታወሻው ሁሉ ይገለበጣል። የመድረኩን ንድፍ 1 ሜትርን በ4 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሣሉ፤ 6 በ4 ሜትር የሆነ መድረክ 24 በ16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ኤ4 ወረቀት ላይ ይገባል። በሩን፣ መስኮቱን፣ ረከቦቱን በዚያው ልክ ቆርጣችሁ ንድፉ ላይ አንቀሳቅሷቸው። ረከቦቱን በበሩ መስመር ላይ ካስቀመጣችሁት፣ በላይ ሲገባ አስካለን ይሸፍናታል፤ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ ይቆማል። ረከቦቱን ወደ ፊትና ወደ አንድ ጎን ብትስቡት ሁለቱም ይታያሉ፤ ደረጀም በመካከላቸው ይቀራል፤ እሱ ደግሞ የትዕይንቱ ነገር ነው። ከዚያ የመለማመጃ ክፍሉ ወለል ላይ በፕላስተር ትክክለኛውን ልክ አስምሩ። ያለ ልክ ሰፊ ክፍል ውስጥ የተለማመደ ቡድን መድረክ ላይ ሲወጣ እርስ በርሱ ይጋጫል።

የልምምዱ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይሠራል። ተዋንያን በመጀመሪያ ቃላቸውን ሸምድደው ይመጣሉ፤ ሲሸመድዱ ደግሞ ዜማውንም አብረው ይሸመድዳሉ፤ ዜማው ከደረቀ በኋላ አዘጋጁ ምንም ቢል አይነቃነቅም። መጀመሪያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ግሶቹንና ክፍሎቹን ተስማሙ። ቀጥሎ ጽሑፉን በእጅ ይዛችሁ እየተንቀሳቀሳችሁ ተለማመዱ፤ ማን መቼ ተነሣ፣ የት ሄደ የሚለው እስኪረጋ ድረስ። ቃሉን ማጥናት ከዚህ በኋላ ይቀላል፤ እግር የሄደበትን አፍ ያስታውሰዋልና። ስታጠኑ ያለ ስሜት፣ በአንድ ወጥ ድምፅ አጥኑ፤ ከራሳችሁ ንግግር በፊት ያለውን የባልደረባችሁን የመጨረሻ ቃልም አብራችሁ ያዙ። ጽሑፍ አስቀምጣችሁ በምትለማመዱበት የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰው ጽሑፉን ይዞ ይከታተል፤ ተዋናዩ «ቃል» ሲል ብቻ የሚቀጥለውን ሁለት ሦስት ቃል ይንገረው። ዝም ባለ ቁጥር የሚያስታውሰው ከሆነ ተዋናዩ የዝምታ መብቱን ይነጠቃል።

ስለ ዝምታ ካነሣን፦ በጽሑፉ ላይ «ዝምታ» ወይም «ማንም አይነቃነቅም» የሚል ካያችሁ ቆጥራችሁ ሞክሩት። በማንኳኳቱና «በሩ ተንኳኳ» በሚለው መካከል ሁለት ሰከንድ ከሰጣችሁ ቤተሰቡ ደክሟል፤ አምስት ከሰጣችሁ አንዱ ይፈራል፤ አሥር ከሆነ ተመልካቹ ተዋናዩ ቃል የጠፋበት ሊመስለው ይችላል፣ አንድ የሚታይ ነገር ካልያዘው በስተቀር። እኔ አምስቱን እመርጣለሁ፤ ደረጀም በዚያ መሃል ከመስኮቱ ላይ እጁን ያንሳ። ይህ ምርጫ ነው፣ ጽሑፉ አላዘዘውም። ግን ስንት ሰከንድ እንደሆነ ሳይወስኑ መድረክ ላይ መውጣት ምርጫ አይደለም።

ቁሳቁስን በዝርዝር ጻፉ፤ ማን ያመጣዋል፣ ማን ያስገባዋል፣ መጨረሻ ላይ የት ይቀራል የሚለውን ጨምሩ። ሲኒው በበላይ ፊት ካልተቀመጠ አስካለ የምታነሣው ነገር አይኖርም፤ የትዕይንቱም መዝጊያ ይጠፋል። ቡና በዚህ አገር መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ይፈላል፤ ብዙ ጊዜም ችግር ያመጣል። የነደደ ከሰል በመጋረጃ አጠገብ አደጋ ነው፣ ጭሱም የተዋናይን ጉሮሮ ይይዛል። ያልነደደ ከሰል ደርድራችሁ ከሥሩ ትንሽ ቀይ አምፖል ብታስቀምጡ ከሩቅ ያሳምናል። ጀበናው ውስጥ አስቀድሞ የፈላ፣ ለብ ያለ ቡና ይሁን፤ ትኩስ ነገር እጅ ያቃጥላል። የፈሰሰ ነገር ያንሸራትታልና ከረከቦቱ ሥር የሚነጠፈው ቄጠማ ደረቅና ስስ ይሁን። የመድረክ ጊዜም የቤት ጊዜ አይደለም፤ ቡና ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ አፍልቶ ለማቅረብ የሚወስደው ጊዜ ከትዕይንቱ ይረዝማል። ስለዚህ ትዕይንቱ ከአቦሉ መጀመሩ የአጋጣሚ አይደለም።

ልምምዱ ትርጓሜን የሚፈትነው እንዲህ ነው። «አስካለ ገና ከመጀመሪያው ታውቃለች» የሚል ትርጓሜ አለ እንበል። ሌላው ደግሞ «ሜትሩን እስክታይ አታውቅም» ይላል። ሁለቱንም ተጫወቷቸው። ታውቃለች ካላችሁ «በሩ ተንኳኳ» ስትል ልጇን እያየች ትናገራለች፤ «ተቀመጥ ልጄ» ወጥመድ ይሆናል፤ «ሜትሩ ለምንድን ነው?» መልሱን የምታውቀው ጥያቄ ነው። አታውቅም ካላችሁ ዓይኗ ጀበናው ላይ ነው፤ ግብዣው እውነተኛ ነው፤ ከ«ልጄ» ወደ «እንግዳው» ያለው መንገድ ረዝሞ ይመታል። ጽሑፉ ሁለቱንም ይሸከማል፤ እኔ ሁለተኛውን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ንግግር የበለጠ ዋጋ ያስከፍላታል። «አስካለ አእምሮዋ ተነክቷል» የሚል ሦስተኛ ሐሳብ ቢመጣ ግን አንድም ንግግር አይደግፈውም፤ ተዋናይዋ ለማሳየት ከጽሑፉ ውጭ ያለ ነገር መጨመር ሊኖርባት ነው። እዚያ ላይ አቁሙ።

ቴአትር ቤት ገብታችሁ ስታዩም ሥራው ይቀጥላል። ተውኔቱ ታትሞ ከተገኘ አስቀድማችሁ አንብቡት፤ ካልተገኘ ሁለት ጊዜ ተመልከቱት። በመጀመሪያው እንደ ማንኛውም ተመልካች ተቀመጡ። በሁለተኛው ላይ ታሪኩን ስለምታውቁት ዓይናችሁ ነፃ ነው፦ የማይናገረው ተዋናይ ምን እያደረገ ነው? መብራቱ በየትኛው ቃል ላይ ተለወጠ? ተመልካቹ የት ሳቀ፣ ሳቁስ ከቃሉ መጣ ወይስ ከአኳኋኑ? በኮሜዲ ላይ ተዋናዩ ሳቁን እንዴት እንደሚጠብቅ ልብ በሉ፤ የሠለጠነው ሳቁ መርገብ ሲጀምር ይቀጥላል፣ ፈጽሞ እስኪጠፋ ከጠበቀ ግለቱ ይበርዳል። መካከለኛ ረድፍ ላይ መቀመጥ ይሻላል፤ ከፊት ፊትን እንጂ የመድረኩን ጠቅላላ ቅርጽ አታዩም። ጨለማ ውስጥ ስልክ አብርታችሁ አትጻፉ፤ በእረፍት ሰዓትና እንደወጣችሁ አምስት ነገር ብቻ ጻፉ።

ጽሑፍ ለማቅረብ ስትቀመጡ ታሪኩን መልሳችሁ አትተርኩ፤ አንባቢያችሁ ያውቀዋል። «ደራሲው ሊያስተላልፍ የፈለገው መልእክት» ብሎ መጀመርም ከትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው፤ ተውኔቱን ወደ አንድ ምክር ያጠበዋል፤ ተቃራኒ ድምፆች የሚጋጩበትን ቅርጹን ይሰርዛል። አንድ አንቀጽ አራት ነገር ይኑረው፦ የምትሉት ነገር፣ የሚደግፈው ንግግር ከነገቢሩና ከነትዕይንቱ ቁጥር፣ ያ ንግግር መድረክ ላይ ሲሆን የሚታየውና የሚሰማው፣ እና ሌላ ሰው በተለየ መንገድ ቢጫወተው የሚለወጠው። ገጸ ባሕርይን እንደ ጎረቤት ሰው አድርጋችሁ «በልጅነቷ ተጎድታ ይሆናል» ማለት ከጀመራችሁ ወደ ሦስቱ ዓምዶች ተመለሱ።

የመጨረሻው ችግር የጽሑፍ እጦት ነው። ለመድረክ የበቁ ብዙ የአማርኛ ተውኔቶች በመጽሐፍ መልክ አልታተሙም፤ በቴአትር ቤቶች ማኅደር ወይም በጸሐፊው እጅ በታይፕ የተመታ ቅጂ ሆነው ይቀራሉ። ቅጂ ስትጠይቁ ለምን እንደምትፈልጉት በደብዳቤ ግለጹ፤ የጸሐፊውን ወይም የወራሾቹን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ያገኛችሁት ቅጂ የልምምድ ቅጂ ከሆነ በእጅ የተሰረዘውንና የተጨመረውን እንደ ቆሻሻ አትዩት፤ አዘጋጁና ተዋንያኑ መድረክ ላይ ያልሠራላቸውን ነገር ያቀኑበት ምልክት ነው። አንዳንዱም የሳንሱር እጅ ሊሆን ስለሚችል የቀለሙንና የእጅ ጽሑፉን ልዩነት መዝግቡ። ከተቀረጸ ትርኢት ላይ የምትገለብጡ ከሆነ የተቀረጸበትን ቀንና አዳራሽ ጻፉ፣ የተመልካቹን ሳቅና ጭብጨባ በቅንፍ አስገቡ፣ በጆሯችሁ ያልተለየውን ቃል በግምት አትሙሉ፤ ክፍት ቦታ ትታችሁ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጻፉበት። የታተመውና የተቀረጸው ሲለያዩም አንዱን ትክክል ብላችሁ ሌላውን አትጣሉ፤ በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አኑሯቸውና ልዩነቱ በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚበዛ ቁጠሩ። ጥናታችሁ ብዙ ጊዜ መጀመር ያለበት እዚያ ላይ ነው።